«ስትወድቅ ያየ ማነው?» ብላ ለጠየቀችን ሲስተር

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ስድስት ወር ዘገየሁ። መጀመሪያ እህቴ በደንብ ይሻላት ብዬ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ሲስተር «ስሜን እንዳትጠሪ» ብላ ስለከለከለችኝ። እሺ፣ ስሟን አልጠራም። ያደረገችውን እንዳልናገር ግን አልከለከለችኝም።

ታናሽ እህቴ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከእናቴ ጋር ዘጌ ነው የምትኖረው። እኔ ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የቤታችን ወሬ የእሷ ሆድ ነበር። «ከሆዴ የሆነ ነገር ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል» ትላለች። ከዚያ ፊቷ ይለዋወጣል። አንዳንዴ ይተዋታል፣ አንዳንዴ ትወድቃለች።

አንድ ክሊኒክ «ጨጓራ ነው» አለን፤ ሽሮፕ ይዘን ተመለስን። ሌላው «ነርቭ ነው» ብሎ የቢ ኮምፕሌክስ መርፌ በተከታታይ ወጋት። ሦስተኛው ደም ማነስ አለ። ሰፈሩ ደግሞ ያለ ላብራቶሪ የራሱን ምርመራ ጨርሷል፦ ውሃ ዳር ሄዳ ልክፍት አግኝቷታል። ዘጌ ተቀምጦ ውሃ ዳር አለመሄድ እንዴት እንደሚቻል ግን የነገረን የለም። ስትወድቅ ክብሪት ጭረን እናሸታታለን። እኔም በገዛ እጄ አሽትቻታለሁ፣ ምን ይደበቃል።

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ቡና እየቆላች ምድጃው ላይ ወደቀች። ግራ እጇ ተቃጠለ። ያኔ ነው በቃ ብዬ ባሕር ዳር ያስመጣኋት።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወረፋ ስንጠብቅ አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። ነርስ ናት። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ታካሚዎች ለሚከታተል ጥናት መረጃ ትሰበስባለች። እናቴ «ጥናት» የሚለውን ቃል ስትሰማ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «ልጄን መሞከሪያ አላደርግም» አለች። እውነቴን ነው፣ እኔም ልቤ ከእናቴ ጋር ነበር።

ሲስተር አልተቆጣችም፣ አልለመነችንምም። እናቴ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ወረቀቱን አንድ በአንድ በአማርኛ አነበበችላት። መድኃኒት አይሞከርባትም። የምንጠይቀው ጥያቄ ነው፣ ፋይሏንም እናያለን። ስሟ አይጻፍም፤ ቁጥር ነው የሚሰጣት። እምቢ ካሉ ሕክምናዋ አይጓደልም። ዛሬ እሺ ብለው ነገ ቢተዉም ማንም አይጠይቅዎትም። «እማማ፣ ያልገባዎት ካለ ደግሜ አነብልዎታለሁ» አለች። እናቴ «ደምስ ትወስዳላችሁ?» አለች። «ለጥናቱ አንወስድም።» እናቴ ሁለት ጊዜ አስነብባ በአውራ ጣቷ ፈረመች።

እኔ አለቀ ብዬ ነበር። ሲስተር ግን ወደ እህቴ ዞረች። «እናትሽ ፈቅደዋል። አንቺስ?» አለቻት። እህቴ መሬት መሬት እያየች ዝም አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለሷ ስናወራ «አንቺስ?» ያላት ሰው አልነበረም። ቆይታ «እሺ» አለች።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። «ስትወድቅ ያየ ማነው?»

እናቴ «እኔ» አለች። «ከመውደቋ በፊት ምን ስታደርግ አዩ?» እናቴ ዝም። እውነት ለመናገር ሁላችንም የምንደርሰው ጩኸት ሰምተን ነው። እኔማ ከተማ ነኝ፣ በስልክ ነው የምሰማው። በዚህ መሃል የአክስቴ ልጅ እጇን እንደ ክፍል ውስጥ አወጣች። ስምንት ዓመቷ ነው። የመጣችው ቤት የሚጠብቃት ስለጠፋ ብቻ ነበር።

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ነይ፣ እንዴት እንደምትሆን አሳዪኝ» አለቻት።

ልጅቷ ኮሪደሩ መሃል ቆመች። ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተከለች። ከንፈሯን ወጥ እንደሚቀምስ ሰው መጠጥ መጠጥ አደረገች። በቀኝ እጇ የቀሚሷን ጫፍ ቆንጠጥ፣ ለቀቅ፣ ቆንጠጥ፣ ለቀቅ። «ስጠራት አትሰማም» አለች። «አንድ ቀን ቆጥሬያለሁ፣ ስልሳ ደረስኩ። ከዚያ ነው የምትወድቀው።» እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ይቺ ልጅ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ እኛ ሦስት ክሊኒክ ስንዞር የጠየቃት የለም።

ሲስተር ልጅቷ ያለችውን በራሷ በልጅቷ ቃል ጽፋ ለነርቭ ሐኪሙ ሰጠችው። ሐኪሙ አንብቦ እህቴን እንደገና ስለ ሆዷ ጠየቃት። ከዚያ አስረዳን። ከሆድ ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣው ስሜት የሆድ በሽታ አይደለም። ከጆሮ ከፍ ብሎ ካለው የአንጎል ክፍል የሚነሳ የሚጥል በሽታ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ሕዋሳቱ ያለ ልክ የኤሌክትሪክ ምልክት ይለቃሉ። አንድ ጎን ላይ ሲቀር ማፍጠጡና ከንፈር መምጠጡ ብቻ ይታያል፤ ወደ ሌላው ጎን ሲስፋፋ ነው ሰውየው የሚወድቀው። የእኛ ሽሮፕ ለካ ላልታመመ ጨጓራ ነበር።

ቀጥሎ ኢኢጂ ታዘዘ። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀዳ መሣሪያ ነው። ሌሊቱን እንዳትተኛ፣ ቡናም እንዳትጠጣ ተባልን። የዘጌ ሰው ያለ ቡና ሌሊት ሲያነጋ አስቡት! በቆሎና በወሬ አነጋነው። እናቴ ደግሞ ልጇ ሐኪም ፊት እንድታምር ብላ ሹሩባ አሠርታ፣ ለጋ ቅቤ ቀብታ አመጣቻት። ሽቦው ደግሞ ቅባት ያለበት ፀጉር ላይ አይዝም።

ሌላ ሰው ቢሆን «ታጥባችሁ በሌላ ቀን ኑ» ይለን ነበር። ሲስተር ወንበር ስባ ሹሩባውን ራሷ መፍታት ጀመረች። አንድ በአንድ፣ ሳትጎትት። ቧንቧው ጋ ወስዳ በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠበቻት፤ በራሷ ፎጣ አደረቀቻት። ይህ የሥራ ዝርዝሯ ላይ ያለ አይመስለኝም። ባለሙያው ሽቦዎቹን ሲለጥፍ እህቴ ስትፈራ፣ «ኤሌክትሪክ አይሰጥሽም፣ ያንቺን ነው የሚያዳምጠው» አለቻት። ሐንስ በርገር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1924 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው አንጎል ይህን ምልክት እንደቀዳም ነገረቻት። እህቴ «መቶ ዓመቱ ነው በለኛ!» ብላ ሳቀች። ከተቃጠለች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ውጤቱ ንጹህ ሆኖ መጣ። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ «ምንም የለባትም ማለት ነው!» ሲስተር እዚህ ላይ ቀስ ብላ ነው ያስረዳቻት። መሣሪያው የሚያየው ያቺን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ላይ የመጀመሪያው ኢኢጂ ምንም ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ንጹህ ነው ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም። የጭንቅላት ምስሉም ደህና ነበር።

«ስልክ አላችሁ?» አለችን። ሲነሳባት ቪዲዮ ቅረጹ አለች። ፊቷ፣ ሁለቱም እጆቿ፣ ስንጠራት መልስ መስጠት አለመስጠቷ እንዲታይ። ይህ የእሷ ፈጠራ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. ጃማ ኒውሮሎጂ የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ቤተሰብ በስልክ የቀረጸው ቪዲዮ ሐኪሞች በሽታውን በትክክል እንዲለዩ እንደሚረዳ አሳይቷል። የእኔን አሮጌ ስልክ ለትንሿ ልጅ ሰጠናት። በሦስተኛው ሳምንት ቀረጸች። እየተንቀጠቀጠች ነው የቀረጸችው፣ ግን ሁሉም ነገር አለ፦ ከንፈሩ፣ እጁ፣ የቀሚሱ ጫፍ። ቪዲዮው ለሐኪም ነው፣ እሱን ላስምርበት። የወደቀ ሰው ቀርጻችሁ ቲክቶክ ላይ የምትለጥፉ ግን እግዜር ይይላችሁ።

ዓይነቱን መለየት ለምን ይህን ያህል እንዳደከመን የገባኝ መድኃኒት ሲታዘዝ ነው። የታዘዘላት ካርባማዘፒን ነው። ለእሷ ዓይነት ጥሩ ነው። ግን ለአፍታ ፈዘዝ ብለው የሚመለሱ ልጆች አሉ፣ የእነሱ ሕመም ሌላ ዓይነት ነው፤ ለዚያ ይኸው መድኃኒት ሊያብስ ይችላል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱም ማፍጠጥ ነው። ስለዚህ ከጎረቤት መድኃኒት መዋዋስ የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። በትንሹ ጀምራ በየጊዜው ከፍ አለ። «ሰውነቷ ላይ ሽፍታ ካያችሁ ነገ እንዳትሉ፣ የዚያኑ ቀን ኑ» ተባልን። እንቅልፍ እንቅልፍ አላት፣ ሽፍታው ግን አልመጣም።

ጠበሉን አልደብቅም። እናቴ ሱባኤ ልታስገባት አስባ ነበር፤ ጠበል ላይ ደግሞ መድኃኒት የሚያስቆም ሰው አይጠፋም። ሲስተር «እማማ፣ ጠበሉን ያጠምቋት፣ እኔም እጠመቃለሁ» አለቻት። «ክኒኗ ግን አንድም ቀን አይቅር። በአንድ ጊዜ ከተቋረጠ ሳያባራ እየደጋገመ ሊጥላት ይችላል፣ ሊገድላትም ይችላል።» እናቴ አሁን ክኒኑን የምትሰጣት ከጸሎት በኋላ ነው፤ አንድ ቀን አላሳለፈችም። መንገድ ይዘጋል ሲባል ደግሞ ሲስተር ደውላ ሐኪሙ የሁለት ወር እንዲያዝላት ቀድማ አስታውሳልናለች።

እናቴ አንድ ጥያቄ ነበራት፣ ሁለት ዓመት ሆዷ ውስጥ የኖረ። በክፉ ጊዜ ጓያ አብልቻት ይሆን? ጣና ዳር ያደገ ሰው ጓያ ሰው እንደሚያሽመደምድ ያውቃል። ሲስተር ሌላ በሽታ መሆኑን ነገረቻት። ጓያ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግር ነው የሚይዘው፣ እንዲህ አይጥልም። ይህንንም ያጠኑት የኛው ሰው ናቸው፦ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እዚሁ ደምቢያና ፎገራ ድረስ መጥተው። እሳቸው ቡታጅራ አካባቢም ቤት ለቤት 60,820 ሰው ጠይቀው 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች አግኝተዋል። ጥናቱ በ1990 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። ሲስተር ይህን ስትነግረን ዓይኗ ያበራ ነበር። «ቤት ለቤት ባይዞሩ ኖሮ እነዚያ ሰዎች በማንም መዝገብ አይኖሩም ነበር» አለችን። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥናት ሲባል ነጠላዋን አትሰበስብም። ጓያውን ግን አሁንም ቤቷ አታስገባም፣ እሷን ማን ይችላታል።

አሁን አምስት ወር ሆናት ሳትወድቅ። አንድ ጊዜ ብቻ ሆዷ ውስጥ ያ ነገር ተነስቶ ተመልሷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ በሽታ አለበት፤ በትክክል ተመርምረው ቢታከሙ እስከ 70 በመቶው ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። እኛ እዚያ ውስጥ እንሁን አንሁን ገና ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ስለማቆም የሚያወራን ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይጥላት ከቆየች በኋላ ነው። እስከዚያ ብቻዋን ታንኳ አትሳፈርም፣ ብቻዋን አትዋኝም። ምድጃውንም ከመሬት ከፍ አድርገን ሠርተንላታል። ቢጥላት በጎኗ እናስተኛታለን፣ አፏ ውስጥ ማንኪያ አናስገባም፣ ሰዓት እናያለን። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም። ክብሪቱ ለምድጃው ብቻ ሆኗል።

ሲስተር፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እናቴ የዘጌ ቡና አንድ ኪሎ ቆልታ ስትልክልሽ «ከታካሚ አልቀበልም» ብለሽ መልሰሽባታል። አዝናለች። እንግዲህ እኛ ቤት መጥተሽ ትጠጪዋለሽ።

ቤታችሁ የሚወድቅ ወይም ፈዝዞ የሚቀር ሰው ያላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ሲስተር የት እንደምትሠራና በየትኛው ቀን እንደምትገኝ እነግራችኋለሁ። ጥናቱ ቢያልቅም እዚያው የክትትል ክፍል ውስጥ ናት። ወረፋው ረጅም ስለሆነ በጠዋት ሂዱ። የነበሩ የሐኪም ወረቀቶችንና የመድኃኒት ካርቶኖችን ሰብስባችሁ ያዙ። ስልካችሁ ላይ ቪዲዮ ካለ አታጥፉት። ሲወድቅ ያየውን ሰውም ይዛችሁ ሂዱ፣ ልጅም ቢሆን። የእኛዋ ምስክር አሁን በየቀጠሮው ካልሄድኩ ትላለች፤ ሲስተር የሰጠቻትን እስክሪብቶ ይዛ።