ግላስ ዉል፣ ሮክ ዉል ወይስ ፎም? ለቤትዎ የትኛው ይሻላል?

ፀሐይ ስትበረታ መሰላል ላይ ወጣ ብለው ኮርኒሱን በመዳፍዎ ይንኩት። የሚያቃጥል ከሆነ የኢንሱሌሽን (ሙቀትና ቅዝቃዜ እንዳያልፍ የሚከላከል ንጣፍ) ገንዘብዎን መጀመሪያ እዚያ ያውሉት። ግድግዳው ይደርሳል።

ሻጩ «ወፍራም ነው» ስላለዎት ብቻ አይግዙ። ማሸጊያው ላይ ላምዳ የሚባለውን ቁጥር ይፈልጉ፤ ባነሰ መጠን ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ ያንሳል። ግላስ ዉል (ከመስታወት ክር የሚሠራ፣ ጥጥ መሰል ንጣፍ)፣ ሮክ ዉል (ከድንጋይ የሚሠራው) እና ነጩ ፎም ሁሉም 0.035 አካባቢ ናቸው። ፖሊዩሬታን የተባለው ሌላው የፎም ዓይነት ወደ 0.025 ይወርዳል። ስለዚህ ግላስ ዉል በ10 ሴንቲ ሜትር የሚሠራውን ፖሊዩሬታን በ7 ገደማ ይጨርሰዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በቁጥር ከተቀራረቡ ልዩነታቸው የት ነው? በውሃና በእሳት።

ግላስ ዉል ቀላል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ዋጋው ረከስ ይላል። በጣሪያ እንጨቶች መሃል ለመዘርጋት ይመቻል። ግን ከራሰ ይጨማደዳል፣ ሥራውንም ያቆማል። ሲዘረጉት ጓንትና ማስክ አይርሱ፤ ቆዳ ያሳክካል። ሮክ ዉል ከቀለጠ ድንጋይ ስለሚሠራ ከ1000 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይችላል። ጠጠር ያለ ስለሆነ ድምፅም ያፍናል። ይከብዳል፣ ይወደዳልም፤ እኔ ግን ኩሽናን ከመኝታ ቤት ለሚለይ ግድግዳ ያለ እሱ ሌላ አልመርጥም።

ነጩን ፎም ሰበር ቢያደርጉት ጥቃቅን እንክብሎች ይረግፋሉ። 98 በመቶው አየር ነው። ለግድግዳና ለወለል ጥሩ ነው፤ ችግሩ በ100 ዲግሪ ገደማ መቅለጡ፣ ሲቃጠልም ጥቁር ጭስ ማውጣቱ ነው። በልስን ወይም በጂፕሰም ቦርድ ሳይሸፈን ቤት ውስጥ አይተዉት። የኤሌክትሪክ ገመድም በቀጥታ አይንካው፤ የገመዱን ሽፋን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል። ከመሬት እርጥበት ለሚመጣበት ወለል ደግሞ እንክብል የሌለው፣ ጠጣሩ ኤክስፒኤስ የተባለው ፎም ይሻላል። ውሃ እምብዛም አይመጥም።

የሚረጨው ፖሊዩሬታን ፎም ስንጥቁን ሁሉ ይደፍናል፤ በዚህ የሚደርስበት የለም። እሳትን በተመለከተ ግን እሱም መሸፈን አለበት። አንዴ ከተረጨ ደግሞ መልሶ መላጡ መከራ ነው። ቅልቅሉ ከተበላሸ ይኮማተራል፣ ሽታውም አይለቅም። ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ይስጡት፤ እስኪደርቅም ከቤት ይውጡ።

የሚያብረቀርቀው ፎይል ሙቀቱን የሚመልሰው ከፊቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት አየር ሲኖር ነው። ቆርቆሮው ላይ ከተለጠፈ ብዙም አይጠቅምም።

የትኛውንም ቢመርጡ አይጨፍልቁት። 10 ሴንቲ ሜትሩን ግላስ ዉል 5 ሴንቲ ሜትር ቦታ ውስጥ ከጠቀጠቁት፣ ከከፈሉበት ግማሽ ያህሉ ባከነ ማለት ነው። ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት ቀዳዳውን ያስደፍኑ። በተለይ ፎም ከመረጨቱ በፊት፤ ከተረጨ በኋላ ውሃው በየት እንደሚገባ ማግኘት ከባድ ነው።