ለትንሽ ውሻ፦ ኢንሹራንስ ወይስ የራስ ቁጠባ?

የኔ ቡቺ ዮርኪ የሚባለው ትንሽ የውሻ ዝርያ ናት፤ ሦስት ኪሎ አትሞላም። አንድ ቀን ስትሮጥ የኋላ ቀኝ እግሯን ሰብስባ ሁለት ሦስት ጊዜ እንጣጥ እንጣጥ አለች። ወዲያው ምንም እንዳልተፈጠረ መራመዷን ቀጠለች። ሐኪሟ ጉልበቷን በጣቱ ዳሰሰና ጉልበቷ ላይ ያለችው ትንሿ አጥንት ከቦታዋ እንደምትንሸራተት ነገረኝ። ፋይሏ ላይም ጻፈው።

ኢንሹራንስ ለመግዛት የተነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጉልበቱን አንሸፍንም አሉኝ። ደህናውን የግራውን ጭምር! እዚህ አሜሪካ ብዙ ውሎች አንዱ ጎን ከታመመ ሌላውንም እንደ ነባር ሕመም ይቆጥሩታል። ልክ እንደ እድር ነው፤ ለቅሶ ከተቀመጡ በኋላ አባል ልሁን አይባልም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ወርሃዊ ክፍያው 40 ዶላር፣ ዲዳክቲብሉ (መጀመሪያ ከኪስ የምትከፍሉት) በዓመት 500፣ ከቀሪው ተመላሹ 80 በመቶ ይሁን። የጉልበት ኦፕራሲዮን 3,000 ዶላር ቢያስወጣ 2,000 ይመለስላችኋል። በአምስት ዓመት ለኢንሹራንሱ 2,400 ከፍላችኋል። አንድ ጉልበት ብቻ ከሆነ በጠቅላላው 3,400 ወጣ ማለት ነው፤ ቁጠባው ይሻል ነበር። ግን ይህ ችግር ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ጉልበት ይይዛል። በተለያየ ዓመት ሁለቱም ቢሠሩ በኢንሹራንስ 4,400፣ ያለ ኢንሹራንስ 6,000 ነው።

የቁጠባ ድክመቱ ጊዜ ነው። በወር 40 ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 480 ብቻ ነው የሚኖረው። ሕመሙ ደግሞ ገንዘቡ እስኪሞላ አይጠብቅም። ኢንሹራንሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ እናንተ ከፍላችሁ በኋላ ነው የሚመልሰው። ክፍያውም ውሻው ባረጀ ቁጥር ይጨምራል፤ ትንንሾቹ ደግሞ ዕድሜያቸው ረጅም ነው።

ጥርስን አትርሱ። አፋቸው ጠባብ ስለሆነ ጥርሳቸው ይጨናነቃል፣ ቶሎ ይቆሽሻል። በማደንዘዣ የሚደረገው መደበኛ እጥበት ግን በተለመደው ኢንሹራንስ ውስጥ የለም። ተጨማሪ ከፍሎ ማስገባት ይቻላል፤ እኔ ግን ለእሱ ቁጠባውን እመርጣለሁ።

አደጋ ብቻ የሚሸፍነው ርካሽ ነው። ከእቅፍ ወድቆ እግሩን ለሚሰብር ውሻ ይጠቅማል። ለልብ፣ ለትንፋሽ ቧንቧና ለጉልበት ሕመም ግን አይሆንም።

ቡችላችሁ ገና ጤነኛ ከሆነ፣ በተለይ ዳክሹንድ (እግሩ አጭር፣ ጀርባው ረጅም የሆነው ዝርያ) ከሆነ፣ አደጋንም ሕመምንም የሚሸፍነውን አሁኑኑ ግዙ። ዳክሹንድ የጀርባ ዲስኩ ሲንሸራተት ምርመራውና ኦፕራሲዮኑ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ከገዛችሁ በኋላ ሽፋኑ እስኪጀምር ለሕመም ብዙውን ጊዜ 14 ቀን መጠበቅ አለ፤ ለጉልበት ወራት የሚያስጠብቁም አሉ። ሳትፈርሙ ስለ ሁለቱ ጎኖች የሚለውን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡ።

ውሻችሁ ካረጀ ወይም ፋይሉ ላይ ብዙ ነገር ከተጻፈ ግን ቁጠባው ይሻላል። እኔም ለቡቺ በየወሩ 60 ዶላር ለብቻው አስቀምጣለሁ። አምና ጥርሷን በዚያ አሳጠብኩ። ጉልበቷ እስካሁን ኦፕራሲዮን አላስፈለገውም።