የፍየል አልትራሳውንድ፦ ወራት ከሠራሁበት በኋላ

ሸዋ ሮቢት አካባቢ ፍየል አረባለሁ። በእጅ የሚያዝ አልትራሳውንድ ገዝቼ ስሠራበት ከርሜያለሁ። ትልቁ ጥቅሙ ባዶዋን፣ ማለትም ያላረገዘችውን፣ ቶሎ ማሳወቁ ነው።

ድሮ ከስሪያ በኋላ በ21 ቀን አውራ ካልፈለገች «ይዛለች» ብለን እንተዋታለን። ከዚያ ግቷ እስኪሞላ መጠበቅ ነው። የፍየል እርግዝና 150 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ባዶዋ ያን ሁሉ ጊዜ ፍሩሽካና ፋጉሎ በነፃ ትቀለባለች።

አያያዙ ቀላል ነው። ፍየሏን አቁሜ፣ በቀኝ በኩል ከግቷ በላይ ጠጉር የሌለበት ቦታ ላይ ጄል ቀብቼ ፕሮቡን (ምስል የሚያነሳውን የማሽኑን ጫፍ) እለጥፋለሁ። በግራ በኩል ጨጓራዋ ይጋርዳል። ጾሟን ካደረች ደግሞ ምስሉ ይጠራል። ማንበቡ ግን ዓይን ይጠይቃል። መጀመሪያ የሚታየው ጥቁር ውሃ ነው፤ የሽንት ፊኛዋም ጥቁር ነው። ከዚህ የባሰ የውሸት እርግዝና የሚሉት አለ። አንዷ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ስናያት ማህፀኗ ውሃ ብቻ ነው። የልብ ትርታ የለም፤ በእንግዴ ልጅ ላይ ቀለበት መስለው የሚታዩት ክቦችም የሉም። የእንስሳት ሐኪም መርፌ ወጋትና ውሃውን አፈሰሰችው። ማሽኑ ባይኖር እስካሁን ግልገል እንጠብቅ ነበር።

ጥሩው ጊዜ ከስሪያ በኋላ ከ45 እስከ 90 ቀን ነው። ከ100 ቀን ወዲያ ግልገሉ ለስክሪኑ ስለሚተልቅ መንታ ነው ነጠላ ማለት ከንቱ ድካም ነው። በጊዜውም ቢሆን በቁጥሩ አልምልም፤ አንዱ ከአንዱ ጀርባ ይደበቃል። ቢሆንም መንታ የያዘች የምትመስለውን ለይቼ፣ በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት መኖዋን አሻሽላለሁ። ግልገሎቹ በደንብ የሚያድጉት ያኔ ነው። ሆዷም ስለሚጣበብ የማሾ ገለባ ብቻ አያዋጣትም።

የሚያናድደው የቆላው ፀሐይ ነው። ውጭ ስክሪኑ አይታይም፤ ጥላ ሥር ወይም በረት ውስጥ መግባት ግድ ነው። ቻርጀሩም ሳይከርም ተበላሸ፣ ሻጩ ስልክ አያነሳም። አምስት ስድስት ፍየል ላለው ሰው ለብቻው መግዛቱ አያዋጣም። ተሰብስቦ መግዛት ይሻላል።

በዓል ሲቃረብ ጎረቤቶቼ «ልጄ፣ ይቺን ላውጣት ወይስ ትክረም?» እያሉ ይመጣሉ። እርጉዝ ለእርድ እንዳትሄድ አይላቸዋለሁ። ጄሉን ግን ይዛችሁ ኑ ብያለሁ።