ዘንግና ሾጣጣ፦ ካልሲየምን ቶሎ የሚያስወጣው የትኛው ነው?

ካልሲየም ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አጥንትና ወተት ነው። ዓይን ውስጥ ግን ሌላ ሥራ አለው። ሬቲና (በዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ላይ ለጭላንጭል የተሠሩ ዘንግ መሰል ህዋሶችና ለቀንና ለቀለም የተሠሩ ሾጣጣ ህዋሶች አሉ።

የሁለቱም አሠራር ግርም ይላል። በጨለማ በራቸው ክፍት ነው፤ ካልሲየም ይገባል። ብርሃን ሲያርፍባቸው በሩ ይዘጋል፣ ማስወጫው ግን ሥራውን አያቆምም። ስለዚህ ውስጥ ያለው ካልሲየም ይቀንሳል። መልእክቱም መቀነሱ ራሱ ነው፦ በሩን መልሰህ ክፈት፣ ለሚቀጥለው ብርሃን ተዘጋጅ እንደማለት።

ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። ሾጣጣዎቹ ካልሲየምን ከዘንጎቹ በጣም ቶሎ ያስወጣሉ። በቀን የሚበር ኳስ ተከታትለን ለማየታችን አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ዘንጎቹ ዝግ ያሉ ናቸው፤ በምትኩ አንዲት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ብቻ ብታርፍባቸው ይሰማቸዋል። ደማቅ ፀሐይ ላይ ግን ብዙም አይረቡም። (ከፀሐይ ወደ ጨለማ ክፍል ስንገባ ለደቂቃዎች መደናበራችን ግን በዋናነት የካልሲየም ሳይሆን በዘንጎቹ ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ቀለም፣ የሮዶፕሲን ጣጣ ነው።)

ምረጥ ብባል ሾጣጣዎቹን እመርጣለሁ። ዘንጎቹ 120 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ እነሱ 6 ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ የምናነበው ግን በእነሱ ነው።