የአራት ቀን የባሌ ጉዞ ከመስቀል አደባባይ፦ ከመክፈላችሁ በፊት

ከመስቀል አደባባይ ዙሪያ ተነስተው ወደ ባሌ ተራሮች የሚሄዱት የቡድን ጉዞዎች በሁለት መልክ ይሸጣሉ፤ የሦስት ቀንና የአራት ቀን። የሦስት ቀኑን አንመክርም። ዋጋው ስለሚቀንስ ብዙ ሰው እሱን ይመርጣል፤ ነገር ግን አንዱ ቀን ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ ሲያልቅ ለተራራው የሚቀረው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያ ቀን ለሳነቴ አምባና ለቱሉ ዲምቱ ተራራ ይውልና የወይብ ሸለቆ ከዕቅዱ ይወጣል። ባሌ ደርሶ ወይብን ሳያዩ መመለስ ሰርግ ተጠርቶ ከድንኳኑ ደጅ እንደመመለስ ነው። የአራት ቀኑ ግን በትክክል ከተደራጀ ከከተማችን ተነስቶ ሊገዛ ከሚችል የተፈጥሮ ጉዞ ሁሉ ይበልጥብናል። «በትክክል ከተደራጀ» ያልነው በምክንያት ነው፤ የቀኖቹ ቅደም ተከተልና የመነሻው ሰዓት ከተበላሸ ያው ገንዘብ ጉም ለማየት ይወጣል።

ስለ ስሙ አንድ ነገር። የአዲስ አበባ ሰው ቱሉ ዲምቱ ሲባል የሚታየው የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ መክፈያና ኮንዶሚኒየሙ ነው። የባሌው ቱሉ ዲምቱ ከፍታው 4,377 ሜትር ነው። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። እናም ጉዞው በአንዱ ቱሉ ዲምቱ አልፎ ሌላው ቱሉ ዲምቱ ላይ ይወጣል።

መነሻው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቢሆን ጥሩ ነው። በአዳማ፣ በአሰላ፣ በበቆጂና በዶዶላ በኩል እስከ ዲንሾ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ለቁርስና ለምሳ ቆም እየተባለ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ይወስዳል። 1 ሰዓት ላይ እንነሳለን የሚል አዘጋጅ፣ የዘገየ ተጓዥ ሲጠበቅ ወደ 2 ሰዓት እንደሚጠጋ ቁጠሩት። ልዩነቱ የሚታወቀው ዲንሾ ሲደረስ ነው። ከከተማዋ በፊት መንገዱ በጋይሳይ ሣር ሜዳ ያልፋል፤ እዚያ ኒያላ፣ ማለትም በአሥር ሳንቲሙ ላይ ያለው የደጋ አጋዘን፣ በቡድን በቡድን ሆኖ ይግጣል። የሚወጣው ማለዳና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ ነው። በጊዜ የደረሰ ቡድን ዕቃውን አስቀምጦ፣ ከፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ትኬት ቆርጦና አስጎብኚ ይዞ ወደ ጋይሳይ ይመለሳል። አርፍዶ የደረሰ በመስኮት አይቶት ያልፋል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች የት እንደምታድሩ ጠይቁ። ብዙ አዘጋጆች ሮቤ ሆቴል ይይዛሉ፤ ክፍሉ ይሻላል፣ ሙቅ ውኃም አለ። ግን ሮቤ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ብዙም አትለይም። ዲንሾ 3,100 ሜትር ላይ ናት። ሁለት ሌሊት እዚያ ያደረ ሰው ሦስተኛው ቀን 4,377 ላይ ሲወጣ ሰውነቱ ለምዷል። በቱሉ ዲምቱ አናት የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ 58 በመቶ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ 75 በመቶ ገደማ አለን። የከተማችን ሰው ከባሕር ጠረፍ ከመጣ ሰው ይሻላል እንጂ ከራስ ምታትና ከማቅለሽለሽ ነፃ አይደለም። መኪናው ላይ ቁጭ ብሎ መውጣት ችግሩን አይቀንስም፤ እንዲያውም ፈጥኖ ስለሚያወጣ ያባብሰዋል። ሕመሙ ከበረታ፣ በተለይ እርምጃ ከተዛባ ወይም ንግግር ከተሳሰረ፣ መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ «ትንሽ ቆይቶ ይለቀዋል» ማለት አያዋጣም። ጥሩ አስተባባሪ ይህን ሳይነገረው ያውቃል።

ሁለተኛው ቀን የወይብ ነው፤ የዚህ ጉዞ ዋጋ የሚታየውም በዚህ ቀን ነው። ሸለቆው 3,500 ሜትር አካባቢ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሣራማ ሜዳ ሲሆን ዙሪያው ድንጋያማ ገደል ነው። ኮስተርም ሆነ ሃይሩፍ አይገባበትም። ስለዚህ አዘጋጁን ሳታፍሩ ጠይቁት፦ በሁለተኛው ቀን ላንድክሩዘር አለ ወይስ ፈረስ? ሁለቱም ከሌሉ «ወይብ» ተብሎ የተጻፈው ከዲንሾ በላይ ትንሽ ሽርሽር ብቻ ይሆናል። በእግር ደርሶ መመለስ ለመደበኛ ተጓዥ በአንድ ቀን አይሞላም። ፈረስ ከዲንሾ ባለፈረሶች ይከራያል፤ ክፍያው በጥቅሉ ውስጥ መግባቱን ወይም እዚያው በእጅ መከፈሉን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ለቡድን የሚሆኑ ፈረሶች ጠዋት ተነስቶ አይገኙም፤ ከዋዜማው መነገር አለበት።

መድረሻው ወይብና ወላ ወንዞች የሚገናኙበት የፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ ነው። አብዛኛው ቡድን ፏፏቴውን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል፤ ይቆጨናል፣ ምክንያቱም ከአካባቢው ትልቁ ጉዳይ ሌላ ነው። እዚያው አቅራቢያ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ የዓለት መጠለያ አለ። በ2011 ዓ.ም. ይፋ በሆነ ጥናት መሠረት ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እዚህ ኖረዋል። ያኔ ከበላይ ያለው አምባ ገና የበረዶ ግግር ነበረበት። ሰዎቹ ግዙፉን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር፤ ለመሣሪያቸው የሚሆነውን ኦብሲዲያን፣ መስታወት መሰሉን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ደግሞ ከዚያም ከፍ ካለ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ያመጡ ነበር። አስጎብኚው ይህን ካልተናገረ ጠይቁት፤ የዲንሾ ልጆች ቦታውን ያውቁታል። ድንጋይ ማንሳትም ሆነ መሬቱን መጫር ክልክል ነው።

ያ ፍልፈል ዛሬም አለ፤ ከባሌ ሌላ የትም አይገኝም። ቀይ ቀበሮውም ወይብንና ሳነቴን የሚወደው በእሱ ምክንያት ነው። በዓለም የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 አካባቢ ሲሆን ከግማሽ በላዩ እዚህ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ «ጄዳላ ፈርዳ» ይሉታል፣ የፈረስ ቀበሮ። በቡድን ይኖራል እንጂ አደኑ ለየብቻ ነው፤ የሚያድነውም በቀን ነው፣ ፍልፈሉ በቀን ስለሚወጣ። ስለዚህ ቀበሮ ለማየት ሌሊት መነሳት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ዝምታ ነው። ጉድጓድ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የቆመ ቀበሮ ካያችሁ ባላችሁበት ቁሙ። የአንድ ሰው ጩኸት የሃያ ሰው ዕድል ያበላሻል። የምግብ ትራፊም አትጣሉ፤ ትራፊ የእረኞች ውሾችን ይስባል፣ ውሾቹ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን ለቀበሮው ያስተላልፋሉ። ይህን ለተጓዡ አስቀድሞ የሚናገር አዘጋጅ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ እምነት ይጣልበታል።

እግራችሁ ሥርም ተመልከቱ። ሜዳው በፍልፈል ጉድጓድ የተቦረቦረ ስለሆነ ላዩ ደህና የሚመስለው ሣር ድንገት ይሰምጥና ቁርጭምጭሚት ይወለማል። የስፖርት ጫማ ማለዳ በሚያረጥበው ሣር ውስጥ አይበቃም፤ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ቀን ሳነቴ። ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ነው። የተለመደው አካሄድ 2 ሰዓት ላይ ቁርስ፣ ረፋድ ላይ አምባው፣ መጀመሪያ ቱሉ ዲምቱ፣ በመጨረሻ የሐረና ገደል አፋፍ ነው። መገልበጥ አለበት። ከሐረና ደን የሚነሳው እርጥብ አየር ፀሐይ ስታሞቀው ገደሉን ይዞ ይወጣና ከቀትር በኋላ አፋፉን በጉም ይሸፍነዋል። ሳነቴ በደቡብ በኩል ድንገት ተቆርጦ ከእግር ሥር አረንጓዴ ባሕር የሚመስል ደን የሚታይበት ቦታ የጉዞው ውብ እይታ ነው፤ እሱን በ8 ሰዓት ለማየት መሄድ ነጭ ግድግዳ ለማየት ነው። ከዲንሾ 11 ሰዓት ተኩል ተነሱ፤ በሮቤና በጎባ አልፋችሁ፣ የጽዱንና የኮሶውን ደን፣ ቀጥሎ የአስታውን ቁጥቋጦ አቋርጣችሁ አምባው ላይ ውጡ፤ ሳትቆሙ ወደ አፋፉ ሂዱ። ቱሉ ዲምቱ በመልስ ይደርሳል። አናቱ ላይ የቴሌ ማማ አለ፣ እስከዚያው በመኪና ይወጣል፤ ስለዚህ ከፍታው ላይ ወጣሁ ከማለት በቀር እይታው ከአፋፉ አይወዳደርም። ጊዜ ካላችሁ ከአፋፉ ወደ ሪራ መንደር ትንሽ ውረዱ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከጅብራና ከባዶ ድንጋይ ወጥታችሁ ሽበት ያበቀለ በሚመስል አስታ ሥር ትገባላችሁ። ነዳጅ ጎባ ላይ ይሞላ።

ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ሰማዩ የጠራ ይሆናል፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ወርዶ ውርጭ ይጥላል። ጋቢ፣ ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያና ሁለት ሹራብ ያዙ፤ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ፊት ስለሚያቃጥል ቅባት አይረሳ። የስልክ ባትሪ በብርዱ ቶሎ ስለሚያልቅ በደረት ኪስ ይያዝ። በክረምት የሚሸጥ የወይብ ጉዞ አትግዙ፤ ጭቃው ላንድክሩዘሩንም ይይዛል።

ስለ ዋጋ፦ ሁለት አዘጋጆችን ስታወዳድሩ ጠቅላላውን ቁጥር ሳይሆን ውስጡን ተመልከቱ። የፓርክ መግቢያ፣ የመኪና መግቢያ፣ የአስጎብኚ ክፍያ፣ የሁለተኛው ቀን ፈረስ ወይም ላንድክሩዘር፣ ምሳ በየቀኑ፣ ለረቡዕና ለዓርብ የጾም ምግብ። ከእነዚህ ሁለቱ ከጎደሉ ርካሹ ጉዞ ውድ ይሆናል። ሰው ካልሞላ ምን እንደሚደረግም በጽሑፍ ይሁን፤ አንዳንዱ ገንዘቡን ሳይመልስ ወደ ሌላ ሳምንት ያዛውራል። ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ ማስታወቂያው በዝቷል፤ በማስታወቂያው ላይ ያለው የቀበሮ ፎቶ ግን የአገልግሎቱን ጥራት አይናገርም።

ሦስተኛውን ሌሊት ሮቤ ታድሩና አራተኛው ቀን ከዚያው ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳ፤ አለበለዚያ ቦሌ መንገድና መስቀል አደባባይ ማታ መጨናነቁ ላይ ትደርሳላችሁ። ወንበር ስትመርጡ በመሄጃው በግራ፣ በመመለሻው በቀኝ ተቀመጡ። አሰላ አጠገብ ያለው የጭላሎ ተራራ በዚያ በኩል ነው። ጠዋት ስትሄዱ ፀሐይ ከጀርባው ስለምትሆን ጥላ ብቻ ይታያል፤ ፎቶውን ለመመለሻው አቆዩት፣ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ያርፋል።