ከፒያሳ የተገዛ የአልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ ለጊንጥ ልየታ

ፒያሳ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በአንዱ ሐሰተኛ ብር መለያ ተብሎ የሚሸጠውን ባለ 365 ናኖሜትር (የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት) የአልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ የገዛሁት ለገንዘብ ሳይሆን ለጊንጥ ነው። አራት ኪሎ በምንሠራበት ቤተ ሙከራ ከአፋር ቆላ ተሰብስበው በአልኮል የተቀመጡ ናሙናዎች ስላሉ፣ ዕቃው ለጠረጴዛ ሥራ ይረዳ እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነበር።

የጊንጥ ቅርፊት ቤታ ካርቦሊንን የመሳሰሉ ውህዶች ስላሉት አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ ለዓመታት አልኮል ውስጥ የኖረ ናሙናም ይህን ጠባዩን አያጣም። እዚያው ሱቅ ያለው ርካሹ ባለ 395 ናኖሜትር ባትሪ ግን ራሱ ለዓይን የሚታይ ሐምራዊ ብርሃን ስለሚረጭ የናሙናውን ፍካት ያደበዝዘዋል። ባለ 365ቱ ጥቁር ማጣሪያ ስላለው፣ ዋጋው እጥፍ ገደማ ቢሆንም እሱን መግዛት ይሻላል።

ያልጠበቅሁት ጥቅሙ ዝርዝር በማጉላት በኩል ነው። በተራ ብርሃን ገርጥቶና ተመሳስሎ የሚታየው ገላ በዚህ ብርሃን ሲታይ በጀርባውና በጅራቱ ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን ጉብታዎች፣ በሆዱ በኩል ያሉት ማበጠሪያ መሰል አካላት ጥርሶች፣ እንዲሁም የደረቱ አጥንት መሰል ሰሌዳ ቅርጽ ጎልተው ይወጣሉ። ይህ ሰሌዳ ቡቲዴ በሚባለው የጊንጥ አስተኔ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ማዕዘን፣ በትልልቆቹ የፓንዲነስ ጊንጦች ደግሞ አምስት ማዕዘን ስለሆነ የመጀመሪያው ልየታ በፍጥነት ያልቃል።

ከዚያ በታች ወዳለው ደረጃ ሲወረድ ግን ባትሪው ብቻውን አያዋጣም። ፍካቱ የገላውን ቀለም ይሸፍናል፤ ለምሳሌ ሊዩረስ በሚባለው የጊንጥ ወገን የአምስተኛው የጅራት አንጓ መጥቆር የሚታየው በነጭ ብርሃን ብቻ ነው። የፍካቱ ድምቀትም የዝርያ ምልክት አይደለም፤ ቅርፊቱን ገና የጣለ ጊንጥ አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር ድረስ እምብዛም አያበራም። ቀለም ራሱ ቢሆን ሊታመን የሚችለው በልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የእንስሳት ተመራማሪው ቢሩላ የገለጸው ሊዩረስ ሂብሬየስ ለረጅም ጊዜ የሊዩረስ ኩዊንኩዌስትሪያተስ ንዑስ ዝርያ ሲባል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ራሱን የቻለ ዝርያ የሆነው የአካል ልኬቶች፣ የጉብታዎች አደራደርና የመሳሰሉት በጥንቃቄ ከተነጻጸሩ በኋላ ነው። የጊንጥ ተመራማሪው ማክስ ቫሾን እ.ኤ.አ. በ1974 ለልየታ ሥርዓት ያበጀላቸውን የስሜት ፀጉሮች ለመቁጠርና ቦታቸውን ለማየትም አጉሊ መሣሪያ የግድ ነው። (የተሰበሰበበት ቦታ ያልተጻፈበት ናሙና ደግሞ ምንም ባትሪ ቢበራበት ንዑስ ዝርያውን በእርግጠኝነት ለመናገር ያስቸግራል።)

ስለ ሱቁ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሻጩ ዕቃውን ከመሸጡ በፊት በብር ኖት ላይ አብርቶ አሳይቶኛል፣ የሞገድ ርዝመቱን ስጠይቀው ግን ማሸጊያው ላይ ያለውን ከማንበብ ያለፈ መልስ አልነበረውም። ባትሪው ሳይቋረጥ ሲበራ ቶሎ ስለሚግል በመካከል ማጥፋት ያስፈልጋል። ብርሃኑ ለዓይን እምብዛም ስለማይታይ አደገኛነቱ ይዘነጋል፤ መከላከያ መነጽር ከባትሪው ጋር አብሮ አይሰጥም፣ ስለዚህ ለብቻው መግዛት ይገባል። ተማሪ ከሆኑና በጀትዎ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ አስቀድመው እንዲገዙ እመክራለሁ፤ ባትሪው በሚቀጥለው ወር ይደርሳል።