ስደተኛን ማኖር፦ ካምፕ ይሻላል ወይስ ከተማ?

አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ ይህ ክርክር ደጋግሞ ይነሳል። መንግሥት ስደተኛውን ካምፕ ያኑር ወይስ ከተማ ውስጥ ከሕዝቡ ጋር ይቀላቅል?

ወጪ፦ ካምፕ ላይ ራሽኑም፣ ውሃውም፣ ክሊኒኩም አንድ ቦታ ነው። አብዛኛውን ወጪ ለጋሾች ይሸፍናሉ። የለጋሽ ገንዘብ ሲቀንስ ግን ራሽኑም ይቀንሳል። ከተማ ላይ ኪራዩን የሚከፍለው ራሱ ስደተኛው ነው። የአዲስ አበባን ኪራይ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሥራ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ለኤርትራውያን ስደተኞች ከካምፕ ውጭ የመኖር ዕድል ሰጠች። ራሱን የሚችል ወይም የሚደግፈው ዘመድ ያለው ነበር የሚፈቀድለት። የሥራ መብት በሕግ የሰፋው ግን በስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 (በ2019 እ.ኤ.አ.) ነው። አዋጁ ትምህርትንና መንቀሳቀስንም ይነካል። ጥሩ ሕግ ነው። የሥራ ፈቃዱ እጁ ያልገባ ስደተኛ መካኒክ ግን ተደብቆ ይሠራል። ደመወዙን ቢከለከል አቤት ለማለት ይፈራል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ቋንቋ፦ ከተማ ላይ አማርኛው ከጎረቤትና ከታክሲ ረዳት ይለመዳል። ካምፕ ተወልዶ ያደገ ልጅ ግን በአቅራቢያው ያለውን ሕዝብ በደንብ ላያውቀው ይችላል።

ሺዎች በአንድ ጊዜ ድንበር ሲሻገሩ ካምፕ ይቀድማል፤ ነፍስ ማዳን ነውና። ሙያ ወይም ዘመድ ላለው፣ ዓመታት ለቆየም ሰው ከተማው ይስማማዋል። ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ እናት ወደ ከተማ ስትመጣ ግን ድጋፉ አብሯት መምጣት አለበት።